ውኃችን የት ሄደ?

(በየካቲት 2011 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤያችን፣ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



የመኪናችንን ጉዳይ እኛ የኮሚቴው አባላት ቆመን እንድንናገር የተወሰነው ባለፈው የወር ስብሰባ ላይ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ሒሳቡ በወረቀት ይውጣ፣ እናነበዋለን» ብላችሁ ነበር። ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን አዘጋጅተው በሩ አጠገብ አስቀምጠውታል፤ ስትወጡ ውሰዱ። እኛ ግን ወረቀት ላይ የማይሰፍር ነገር ስላለብን በአፋችን ልንናገር ቆመናል። ስለ ራዲያተርና ስለ ቱቦ ብዙ እናወራለን፤ ታገሡን። የመኪናዋ ውኃ በየት እንደፈሰሰ ሳታውቁ በመጨረሻ የምንጠይቃችሁን ድምፅ ልትሰጡን አትችሉም።

መኪናዋን የገዛናት በመስከረም ነው። ገንዘቡ ግማሹ የአምስት ዓመት ቁጠባችን፣ ግማሹ እዚህ የተቀመጡት ረጂዎቻችን የለገሱን ነው። ሕዝቡ ዶልፊን የሚላት ቶዮታ ሃያስ ናት፤ ባለ 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ አውሮፓ አገልግላ የመጣች። ለሽርሽር አልገዛናትም። በሽንዲ በኩል ያሉ አባሎቻችን በርበሬያቸውን ለደላላ ደጃፋቸው ላይ በርካሽ ከሚሰጡ ራሳቸው ቡሬ ገበያ እንዲያደርሱ፣ የፍኖተ ሰላሞቹም ማንጎ በጋሪ ሲንገላታ እንዳይበላሽ ብለን ነው።

ሾፌሯንም ታውቋታላችሁ። የአንዲት አባላችን ልጅ ናት፤ መንጃ ፈቃዷን ያወጣችው ከማኅበሩ በተበደረችው ገንዘብ ነው፤ ብድሩን ከፍላ ጨርሳለች። «ሴት ልጅ ሚኒባስ ይዛ ሽንዲ ድረስ?» ብለው የሣቁ ነበሩ። ከሣቁት ውስጥ እዚህ አዳራሽ የተቀመጡም አሉ፤ ስም አንጠራም።

የመጀመሪያውን ምልክት ያየነው ገና መኪናዋን ከአዲስ አበባ ስናመጣ ነው። ከእኛ ሦስታችን ውስጧ ነበርን። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወስዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወደ ደጀን ያስወጣል። ያን ዳገት ስንወጣ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ቀስት ከመካከል አለፈ። ልጃችን ቀስ እያለች ደጀን አደረሰችን፤ ቆመች፤ ሞተሩ እስኪበርድ አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቀች፤ ከዚያ ሁለት ሃይላንድ ውኃ ጨመረች። እኛ ምን አልን? «ዓባይን ወጥቶ የማይጠማው አለ እንዴ?» ብለን ሣቅን። እሷ አልሣቀችም። ከቦርሳዋ ትንሽ ደብተር አውጥታ የሆነ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች ማናችንም አልጠየቅናትም።

አሁን ስለ ሞተሩ። እኛም የተማርነው በዚህ መከራ ነው፤ ጥቂት ስህተት ብንናገር መካኒኮች ይቅር በሉን። ሞተር ናፍጣ ሲያቃጥል የሚወጣው ሙቀት ሁሉ መኪናውን አይነዳም፤ ብዙው ትርፍ ነው፣ መውጣት አለበት። ባጃጆቻችን በአብዛኛው በንፋስ ይበርዳሉ፣ ራዲያተር የላቸውም። የድሮዋ ቮልስም እንደዚያው ነበረች፤ ቮልስ የነዳ ሰው ውኃ ይዞ አይዞርም ነበር። የእኛዋ ግን በውኃ ነው የምትበርደው። ፓምፕ ውኃውን በሞተሩ ሆድ ዕቃ ያዞረዋል፤ ውኃው ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፤ እዚያ ንፋስ ያገኘዋል፣ በርዶ ይመለሳል። የሚዞረው ያው አንድ ውኃ ነው። ጤነኛ መኪና ውኃ አይጠጣም። በየቀኑ ውኃ የሚጨመርበት መኪና አንድ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፤ «መኪና ሲያረጅ ይጠጣል» የሚባለው ወሬ ነው።

የራዲያተሩ ክዳን ነገር ደግሞ አለ፤ ይህን እናቶቻችን ከማንም በተሻለ ይረዱታል። በጮቄ ተራራ ግርጌ ባቄላ ለመቀቀል ከታች ከቆላው ይልቅ ብዙ እንጨት ይፈጃል፤ ለምን? ከፍታ ሲጨምር ውኃ ቶሎ ይፈላል፣ ግን የሚፈላው ሳይግል ነው። በባሕር ወለል ላይ 100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ ቡሬ ላይ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተር ደግሞ በሥራው ላይ ከ80 ዲግሪ በላይ ነው የሚሞቀው፤ ዳገት ሲወጣ ይጨምራል። ስለዚህ ውኃው እንዳይፈላ ክዳኑ በኃይል አፍኖ ይይዘዋል፤ ክዳኑ እንደሚቆለፍ ማብሰያ ድስት ማለት ነው። በዚህ አፈና ምክንያት የሚፈላበት ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል። አፈናው ግን ዕዳም አለበት፦ ሲጋል ከውስጥ ስለሚገፋ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ጠብታ የማታወጣ ቀዳዳ መንገድ ላይ ትረጫለች። ማታ አቁመን ከሥሯ ብናይ ደረቅ ነው። ይህን ብናውቅ ኖሮ የኋላው ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ከጥቅምት ጀምሮ ልጃችን በየስብሰባው «ውኃ ትጨርሳለች» ትለን ነበር። ጋራዥ ወሰድናት። መጀመሪያ ክዳኑ ተቀየረ። ቀጥሎ «ራዲያተሩ ነው» ተባለ፤ ወረደ፣ ተበየደ፣ ተመለሰ። ቀጥሎ የውኃ ፓምፑ ተቀየረ። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ «አለቀ» ይሉናል፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ልጃችን ሃይላንዷን ይዛ ትመጣለች። አንድ ቀን አንዱ ሰው እንቁላል ስበሩበት አለን፤ ሌላው ቀዳዳ የሚደፍን ዱቄት አመጣ። ዱቄቱን አለመጨመራችንን እንደ ብልኅነት አትቁጠሩልን፤ ገንዘብ ያዣችን ዋጋውን ሰምተው እምቢ ስላሉ ነው። በኋላ እንደተረዳነው እንዲህ ያለው ነገር ቀዳዳውን ከመድፈኑ በፊት የራዲያተሩን ስስ ሥሮች ሊደፍን ይችላል።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የሆነውን ግማሾቻችሁ ሰምታችኋል። የሰማችሁት ግን እኛ ያወራነውን ነው። አሁን እንደገና እንናገረው።

ከሽንዲ ወደ ቡሬ አምስት አባላት በርበሬያቸውን ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭነው ሲመጡ፣ ቡሬ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ቀስቱ ወደ ቀዩ ወጣ። ልጃችን መኪናዋን ዳር አስይዛ ሞተር አጠፋች። ሴቶቹ ተጨነቁ፤ ዋጋ የተስማሙት ነጋዴ እየጠበቃቸው ነው። «ቡሬ እኮ ታየች! ትንሽ ንጂ!» አሏት። አልነዳም አለች። ለመኗት፣ ተቆጧት። አልነዳም አለች። በዚህ መካከል ረዳቱ ችኩል ልጅ ነው፣ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ፈታው። የታፈነው ውኃ እንደ ፍል ውኃ ተነሣ፤ ክንዱን አቃጠለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ፣ ከመኪና ጋር የሚውሉ ልጆች ያሏችሁ ስሙ። የጋለ ሞተር ክዳን አይፈታም። የላይኛው ቱቦ ለእጅ እስኪቀዘቅዝና ሲጨብጡት ለስላሳ እስኪሆን ይጠበቃል፤ ግማሽ ሰዓትም፣ አንድ ሰዓትም ቢሆን። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋትም ያው ነው፤ በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የደፋች ሴት ምን እንደሚሆን ታውቃለች። የተቃጠለ ክንድ ላይ ደግሞ ኮልጌት አይቀባም፣ ሊጥም አይለጠፍም። ለሃያ ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሱ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ረዳቱ አሁን ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ።

ቡሬ የደረሱት ሲመሽ ነው። ነጋዴው ከሌላ ገዝቶ ሄዷል። በርበሬው በማግሥቱ ከተስማሙት ባነሰ ዋጋ ተሸጠ። አምስቱ ሴቶች ለቀስተኛ መስለው መጡ፤ እውነታቸውን ነው፣ የዓመት ልፋት ነው። እኛም በዚያው ሳምንት ተሰበሰብን። ልጃችንን ጠራናት። «ጠዋት ሞልቼ ነው የወጣሁት። ደብተሩን እዩ፣ ጽፌዋለሁ» አለች። ደብተሩ መኪናው ውስጥ ነበር። መኪናዋ የቆመችው ከተሰበሰብንበት ቤት በር ላይ ነው። ከመካከላችን ተነሥታ ያመጣች የለችም። ቃለ ጉባኤ ላይ «በሾፌሯ ቸልተኝነት ራዲያተሩ ውኃ ሳይሞላ በመውጣቱ» ብለን ጻፍን፤ የሁለት ወር ደመወዟ ለኪሳራው ማካካሻ እንዲያዝ ወሰንን። ሁላችንም ፈረምን። እሷ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። እናቷ ከእኛ ጋር በኮሚቴው ውስጥ ናቸው፤ እሳቸውም ፈርመዋል። ይህን እንድንናገር የፈቀዱልን ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ መኪናዋ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄደች። እዚያ ያለው መካኒክ ብዙም ሳያይ «ጓርኒሲዮን ነው» አለን። በሞተሩ ብሎክና ላይ በሚቀመጠው ቴስታታ መካከል ያለችው ስስ ማኅተም ማለት ነው። ስትቃጠል ውኃው ወደ እሳቱ ይገባል፣ በጭስ ማውጫው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። «ከውጭ ጠብታ የማይታየው ለዚህ ነው» አለን፤ አነጋገሩ ያሳምናል። ቴስታታው ወርዶ፣ ተልጎ፣ ተገጥሞ 28,000 ብር። ያን ያህል በካዝናችን አልነበረም። ከእኛ አንዳንዶቻችን እንሽጣት አልን። እንዲያውም ገዢ መጥቶ አይቷት ነበር፤ የጠራውን ዋጋ ስንነግራችሁ እናፍራለን።

ያዳነን አንድ የስልክ ወሬ ነው። ከእኛ አንዷ ወንድሟ ጀርመን አገር ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ለሰላምታ ሲደውል ጉዳዩን ነገረችው። እሱ የሚጠግነው እኛ በሥዕል ብቻ የምናያቸውን የሩጫ መኪኖች ነው፤ ፖርሽ የሚባሉትን። ከእነሱ ታዋቂው፣ 911 የሚባለው፣ በፈረንጆች እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ እንደ ቮልስ በአየር ይበርድ ነበር አለ። ከዚያ ወዲህ በውኃ ሆነ። ሞተሩ ከኋላ፣ ራዲያተሮቹ ከፊት፤ ስለዚህ ውኃው በወለሉ ሥር ከጫፍ ጫፍ በቱቦ ይሄዳል። «እኛ ጋ ውኃ ጠፋ ሲባል ሞተር አንከፍትም» አለ። «መጀመሪያ በፓምፕ አፍነን ከአፍንጫ እስከ ጅራት እናያለን። ሞተሩ ያለበትን ብቻ ያየ ሰው ግማሹን አላየም።» ከዚያ ጥያቄ አከታተለባት። ጭሷ ጠዋት ነጭ ሆኖ ይቆያል ወይ? የዘይት መለኪያው ሲወጣ ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል ወይ? ሞተሩ ሲሠራ ራዲያተሩ አፍ ላይ ውኃው ያለማቋረጥ አረፋ ያወጣል ወይ? ሌሊት አድራ በርዳ ሳለ የላይኛው ቱቦ ደርቆ ጠንክሮ ይገኛል ወይ? ጓርኒሲዮን ከሆነ ከእነዚህ አንዱ ሳይታይ አይቀርም። እህታችን አንዱንም መመለስ አልቻለችም። «ሾፌሯን ጠይቂያት» አላት።

ያን ጊዜ ነው ደብተሩን ያስታወስነው።

ደብተሩ እነሆ። ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ጥቂት መስመር እናንብብላችሁ።

«መስከረም። ደጀን ላይ ሁለት ሃይላንድ።»

«ፍኖተ ሰላም ቡሬ ደርሶ መልስ፣ ግማሽ ሃይላንድ። ቡሬ ሽንዲ ደርሶ መልስ፣ አንድ ተኩል።»

«እሑድ ቆማ ዋለች። ምንም አልጎደለም።»

«ማታ ከፊት ሥሯ ካርቶን አንጥፌ አደርሁ። ደረቅ።»

«ዘይት አየሁ። ንጹሕ ነው። ጭሱ ነጭ አይደለም።»

«አዲስ ፓምፕ ተገጠመ። ቡሬ ደርሶ መልስ፣ ግማሽ ሃይላንድ። ያው ነው።»

የመጨረሻውን ልብ ብላችሁ ስሙ፤ የተጻፈው ከዚያ የገበያ ቀን ሁለት ሳምንት በፊት ነው። «መንገዱ ደረቅ ነው። ከሦስተኛው ወንበር በታች፣ ከወለሉ ሥር ያለው ብረት ላይ ግን ጭቃ ተጋግሯል። ውኃው ከየት መጣ?»

ይህን ስናነብ ከመካከላችን የተናገረች አልነበረችም። ጀርመን ያለው ሰው የጠየቀው ሁሉ መልሱ እዚያ ተጽፏል። የገበያው ቀን ጠዋት የተጻፈውም አለ፦ «እስከ አፉ ሞላሁ።»

ከተማችን ካለ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ አንድ የአውቶ መምህር ለመንን። የራዲያተር መፈተሻ ፓምፕ ይዞ ቅዳሜ ጠዋት መጣ፤ የብስክሌት መንፊያ የሚመስል፣ የግፊት መለኪያ ሰዓት ያለው ዕቃ ነው። መኪናዋ ሌሊት አድራ ቀዝቅዛለች። ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞላው፣ ፓምፑን በክዳኑ ቦታ ገጠመ፣ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ብቻ ነፋ። «ከዚያ በላይ ከነፋችሁ ጤነኛውን ትቀዱታላችሁ» አለ። የላይኛውን ቱቦ አየ፣ የታችኛውን አየ፣ ክላምፖቹን፣ የራዲያተሩን ስፌት። የውኃ ፓምፑ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አሳየን፤ ሆን ተብሎ የተሠራች ናት፤ ከፓምፑ ውስጥ ያለው ማኅተም ሲያረጅ ውኃ በእሷ በኩል ወጥቶ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል። ደረቅ። ሁሉም ደረቅ። መለኪያው ላይ ያለው ቀስት ግን ቀስ እያለ ይወርዳል። አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሩብ ያህል ወረደ።

መምህሩ ከሥሯ ከጫፍ ጫፍ የሚነጠፍ ካርቶን ጠየቀ፤ ያን ያህል የለንም። ከአባሎቻችን በዕድሜ ትልቋ፣ ጠላ ጠምቀው ልጆች ያሳደጉ እናታችን ከበሩ ተቀምጠው ያያሉ። «ልጄ፣ ጋን ሲያዥ እንዴት ነው የምታውቀው?» አሉት። መምህሩ ዝም አለ። «አመድ ነዋ!» አሉ። ከጓዳ የተነፋ አመድ በወንፊት አስመጡ። መኪናዋ ወደፊት ተገፋች፤ አመዱ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ በሚሆን መጠን ግቢው ላይ ስስ ተደርጎ ተነሰነሰ፤ መኪናዋ ተመልሳ በላዩ ቆመች። የመኪናዋ ጎማ ያለፈበትን እንደገና አስነሰነሱት፤ እኛ ስንቸኩል እሳቸው አልቸኮሉም። መምህሩ እንደገና ነፋ። ጠበቅን። ከፊት አመዱ እንደተነፋ ነው። ከሦስተኛው ወንበር ሥር ግን፣ ጎን ለጎን፣ ሦስት ጥቁር ነጥቦች። ከዚያ አራተኛ።

እናታችን ቡናቸውን ጠጡ።

እዚያ ላይ ልጃችንን ላክንባት። ትመጣለች ብለን አልጠበቅንም። መጣች፤ ሰላምታ ለመምህሩና ለእናታችን ሰጠች፤ ለእኛ አልሰጠችም። ጀርባዋን በጆንያ ላይ አድርጋ ከሥር ገባች። ጭቃውን በመፍቻ ጫፍ ፋቀችው። «እዚህ ናት፤ የመርፌ ዓይን ታህላለች» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ በብርድ አገር የነበረች ስለሆነች ለኋላ ተሳፋሪዎች ማሞቂያ አላት። ማሞቂያው የሚሠራው ከሞተሩ በሚመጣ ሙቅ ውኃ ነው። ውኃው በሁለት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በወለሉ ሥር ሄዶ ይመለሳል። ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ሁሉም እዚያ ያያል፤ ቱቦዎቹ ያሉበትን ማንም አያይም። አውሮፓ ክረምት በረዶ ለማሟሟት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ብረት ይበላል። ዝገቱ ከዚያ ተጀምሯል፣ የእኛ ጭቃና የወንዝ ውኃ ጨርሶታል። እኛ ማሞቂያው መኖሩን እንኳ አናውቅም ነበር።

መምህሩ ቱቦዎቹን መቀየር ይቻላል፣ ግን ለምን አለ። ውኃው ወደ ኋላ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን አፍ ከሞተሩ ጀርባ ላይ በአንድ አጭር የጎማ ቱቦ አገናኝቶ፣ በሁለት ክላምፕ አሰረው። ውኃው ከዚያው ይዞራል፣ ወደ ኋላ አይሄድም። ለእንጅባራ ብርድ ጋቢ ይበቃናል። የጎማ ቱቦው፣ ክላምፖቹና አዲሱ ኩላንት በጠቅላላው 1,140 ብር ወጣባቸው። መምህሩ ለድካሙ አልቀበልም አለ፤ እናታችን ጠላ አጠጡት። እንደገና ተነፋ፤ ቀስቱ ሩብ ሰዓት ሙሉ ካለበት አልተነቃነቀም። ይኸው ከጥር ወዲህ ሽንዲ ስንት ጊዜ ተመላልሳለች፣ አንድ ሃይላንድ አልጠየቀችም።

ስለ ኩላንቱ አንድ ቃል። ከዚህ በኋላ የወንዝ ውኃ አይሞላም፤ ያዝጋል፣ ድንጋይ ይሠራል። ኩላንት ከተጣራ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ይሞላል፤ ቀለም ስላለው ሲያፈስም ቶሎ ይታያል። ግን መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ ልጅም ውሻም ይቀምሰዋል። ትርፉን በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጎ ቤት ማስቀመጥ ክልክል ነው። የተረፈው በራሱ ዕቃ፣ ተቆልፎ፣ መጋዘኑ ውስጥ አለ።

ለረጂዎቻችን፦ በከንቱ ያወጣነው፣ ማለትም ለክዳኑ፣ ለብየዳውና ለፓምፑ የከፈልነው፣ በሒሳቡ ውስጥ በግልጽ ተለይቶ ተጽፏል። «የጥገና ወጪ» ብለን ልናጠቃልለው እንችል ነበር፤ ገንዘብ ያዣችን አልፈቀዱም። የአምስቱን ሴቶች ኪሳራ ግማሹን ማኅበሩ ከመጠባበቂያው እንዲሸፍን ተስማምተናል፤ ከማንም ደመወዝ አይደለም። በነገራችን ላይ፣ መምህሩ እንዳስረዳን፣ ያን ቀን «ትንሽ ንጂ» የተባለችው ልጅ ብትነዳ ኖሮ ቴስታታው ይጣመም ነበር። ያን ጊዜ 28,000 ብሩ እውነት ይሆን ነበር። አምስቱ ሴቶች ይህን ከሰሙ በኋላ አብረው ቤቷ ሄደዋል። እኛ ሳንልካቸው ነው የሄዱት።

አሁን ወደ ድምፁ። ሦስት ነገር ነው የምናቀርበው።

አንደኛው የተያዘባት የሁለት ወር ደመወዝ እንዲመለስላት ነው። በዚህ ላይ ክርክር የሚኖር አይመስለንም።

ሁለተኛው ያን ያህል ቀላል አይደለም። በቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍነው «ቸልተኝነት» የሚለው ቃል እንዲሰረዝ እንጠይቃለን። ከእኛ መካከል «ገንዘቡ ከተመለሰ ቃሉ ምን ያደርጋል፣ መዝገብ መደለዝ ልማድ ይሆንብናል» ያሉ አሉ። ልጃችን ደግሞ ገንዘቡን አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው ቃሉን ነው። «ነገ ሌላ ቦታ ሥራ ስጠይቅ ከዚህ መዝገብ ነው የሚጠይቁት» ብላናለች። እኛ በስድስት ድምፅ ለአንድ ተስማምተን ነው ያቀረብነው፤ አንዷም ሐሳባቸውን ተነሥተው ሊያስረዱ መብታቸው ነው። የምናቀርበው ቃሉ በአንድ መስመር እንዲሰረዝ፣ ከጎኑም «ስህተቱ የኮሚቴው ነበር» ተብሎ በሁላችን ፊርማ እንዲጻፍ ነው፤ እንዲፋቅ አይደለም። የተጻፈው እንዲነበብ እንፈልጋለን።

ሦስተኛው የእሷ ሐሳብ ነው። የመኪናዋ ደብተር በየወሩ ስብሰባ መጀመሪያ ላይ፣ ከሒሳቡ በፊት፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ ብላለች።

ቁልፉ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው። እስካሁን በጥር ወር የነዳው የተቀጠረ ሰው ነው፤ ውሉ በዚህ ወር ያልቃል። ልጃችን ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። ቁልፉን ትወስድ እንደሆነ የምትወስነው ከሁለተኛው ድምፅ በኋላ ነው። ምን እንደምትል አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅናትም።

ጸሐፊያችን መዝገቡን ከፍተውታል። በመጀመሪያው ላይ የምትደግፉ፣ እጃችሁን አውጡ።